ስድስተኛው ዘፈንና የመኪናው ባትሪ

አሁን አሁን ስልኬ የሚጮኸው ወይ ለለቅሶ ነው ወይ ለእድር ስብሰባ። ስለዚህ ባለፈው፣ መስቀል ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ «ደግሞ ማን ሄደ?» እያልኩ ነው ያነሳሁት።

«ጋሼ ዘርጋ፣ ሰሚራ ነኝ፤ የከድር ልጅ። ከአዲስ አበባ ነው የምደውለው።»

«ምነው? አባትሽ ደህና አይደለም እንዴ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው። ያው እንደሚያውቁት ነው።»

እንደማውቀው ማለቷ፣ ከድር ጉሮሮው ላይ ቀዶ ሕክምና ካደረገ ወዲህ ድምፅ የለውም። የሚፈልገውን በደብተር ላይ ይጽፋል። ያ ሁሉ ሰው ሊሰማው ቡታጅራ ድረስ ይጎርፍለት የነበረ ዘፋኝ ዛሬ ውሃ ሲፈልግ እንኳ ብርጭቆ በማንኪያ ይመታል። ሰሚራ የመጨረሻ ልጁ ናት፤ አዲስ አበባ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ የድምፅ ባለሙያ ሆና ትሠራለች። እኔ ደግሞ ወልቂጤ ልጆች ሳስተምር አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከማስተማሬ በፊት ግን ከአባቷ ጋር አንድ ባንድ ውስጥ አኮርዲዮን እጫወት ነበር። ባንዱ «የዋቤ ልጆች» ይባላል። አንድ ካሴት አወጣን፤ ስድስት ዘፈን። ሁለተኛ የለም።

«ካሴታችሁን እንደ አዲስ ላወጣው ነው፣ ጋሼ። መጀመሪያ የተቀዳበትን ዋናውን ሪል ከአባቴ ሳጥን ውስጥ አገኘሁት፤ ድምፁን እያጠራሁ ሪማስተር እያደረግኩት ነው። ሃይ ሬዞሉሽን ነው የሚወጣው። ጣትዎ አኮርዲዮኑን ሲነካው ሁሉ ይሰማል።»

ይኼ እኔን ሊያስደስተኝ ነው እንግዲህ! በእኛ ዘመን ጥራት ማለት የቴፑን ጭንቅላት በአልኮል መጥረግና ካሴቱ ሲላላ በእስክሪብቶ ማጠንጠን ነበር። ጣቴ እንዲሰማልኝ መች ለመንኩ?

«ጎበዝ» አልኳት ለአፌ ያህል።

«አንድ ችግር ግን ገጥሞኛል። አምስቱ አልቀዋል። ስድስተኛው ፍጥነቱ ልክ አይደለም። ሲቀዳ ቴፑ እየደከመ ነበር መሰለኝ። ቀስ እያለ የተቀዳ ነገር በደህና ማጫወቻ ሲጫወት ይፈጥናል፤ የሰውም ድምፅ ይቀጥናል። እኔ የአባቴን ትክክለኛ ድምፅ ነው የምፈልገው። አኮርዲዮንዎ ላይ አንዷ ቁልፍ ትነዝራለች አይደል? እሷን አንዴ ነክተው በስልክዎ ቀድተው ቢልኩልኝ፣ በእሷ ልክ አወርደዋለሁ።»

«እሱ አኮርዲዮን የለም» አልኳት። «አይጥ በላው።»

አኮርዲዮኑ ፊት ለፊቴ ቁም ሳጥኑ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ስልኩን ዘጋሁ። በስንት ዓመቴ፣ በሽበቴ፣ ለልጅ ውሸት! ግን ምን ልበላት? ስድስተኛው ዘፈን ላይ ያለው ድምፅ የአባቷ አይደለም። የእኔ ነው። ልጅቷ ያንን ዘፈን ወደ ልኩ ባወረደችው ቁጥር እየወረደ የሚመጣው ከድር ሳይሆን እኔ ነኝ፤ ከእኔ ጋር ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ዋጥ አድርጌ የያዝኩት ነገር አብሮ ይመጣል።

ያኔ ወልቂጤ አንድ ዋና መንገድና ግራና ቀኙ የተደረደሩ ቆርቆሮ ቤቶች ነበረች። ከመናኸሪያው አለፍ ሲሉ ማዕዘኑ ላይ የኛ ሻይ ቤት ነበረ፤ አሁን ባንክ ቆሞበታል፣ መስታወቱ ያብለጨልጫል። በአንድ ስሙኒ ሻይና ቦምቦሊኖ ይዘን ግማሽ ቀን እንቀመጥ ነበር፤ ባለቤቷም ታውቀናለች፣ «እናንተ ልጆች ወንበሩን ግዙኝ» ትለን ነበር። ሱሪያችን ቤልቦተም ነው፤ ከጉልበት በታች ያለው ጨርቅ ለሌላ ሰው ሙሉ ሱሪ ይወጣዋል። ፀጉራችን አፍሮ፣ ሚዶው እዚያው ላይ እንደተሰካ። ከድር አንድ ቢጫ ቴትሮን ሸሚዝ ነበረችው፤ ደረቱን እስከ መሃል ከፍቷት ሲመጣ ከመናኸሪያ ማዶ ይታያል። የምንጫወተው የአገራችንን የጭብጨባ ምት ነው፤ ሽፈራው ግን በላዩ ላይ ጊታሩን ሲያስጮኸው፣ ተካ ከበሮውን ሲነርተው ሌላ ነገር ይሆናል። ዛሬ ልጆቹ ፎክ ሮክ ይሉታል አሉ። ያኔ ሽማግሌዎቹ እብደት ነበር የሚሉት። ሽፈራውም ተካም አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። የቀረነው ድምፅ የሌለው ከድርና አፍ እያለው የማይናገረው እኔ ነን።

የከድር ድምፅ ቀጭንና ከፍ ያለ ነበር። «ይኼ ሰው ጉንችሬ ገበያ ቢዘፍን አገና ያሉት ያጨበጭባሉ» እያልን እናሾፍበት ነበር። የእኔ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ክፍል ውስጥ «ዝም በሉ!» ለማለት ካልሆነ ለምንም አይሆንም ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። ከድር ወልቂጤ ሲመጣ የሚያድረው እኛ ቤት ነው፤ እኔም ቡታጅራ ስሄድ ከከተማ ርቆ ገጠር ያለው እናቱ ቤት ነው የማድረው። እናቱ እማማ ዘይነባ «ሁለት ወንዶች ነው ያሉኝ፤ አንዱ ይጮሃል፣ አንዱ ይበላል» ይሉ ነበር። የምበላው እኔ ነኝ። ስመለስ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ያሲዙኛል። የሳቸው ነገር ሲነሳ ዛሬም ፊቴን ማዞር እፈልጋለሁ።

ካሴቱን የቀዳነው ቡታጅራ፣ ሽኩር የሚባል ፍራሽ ሰፊ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው እስከ ጣሪያ ፍራሽ ስለተደረደረበት የውጭ ድምፅ አያስገባም፤ ጥጡ ብቻ አፍንጫችን እየገባ አስቸገረን። ባለ ሪሉን ቴፕ ያዋሰን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ማግስቱን በጠዋት ተዛውሮ ስለሚሄድ ከመምሸቱ በፊት እንድንመልስለት አስምሎናል። መስቀልም ደርሷል። የጉራጌ ልጅ ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ ከያለበት አገሩ ይገባል፤ ለመስቀል ያልደረሰ ካሴት ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ስድስቱም ዘፈን በዚያ ቀን ማለቅ ነበረበት። መብራት ደግሞ ቀን ቀን የለም። ደሳለኝ የሚባል ሾፌር ጓደኛችን፣ የባሕር ዛፍ አጠና የጫነ መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ ባትሪውን ፈታና ሰጠን። ቴፑም የጊታሩ ማጉያም የሠሩት በእሱ ነው። «እንዳትጨርሱብኝ አደራ፣ ሽማግሌ ባትሪ ነው» ብሎናል ደሳለኝ። ይሄን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አምስተኛውን ዘፈን ጨርሰን ላባችንን ስንጠርግ የከድር የአጎት ልጅ እያለከለከ ገባ። ሰላምታም አልሰጠ። «ከድር፣ እናትህን ትንሽ አሟታል። ና ተብለሃል» አለ።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ በድንገት አይነገርም። ትንሽ አሟታል ነው የሚባለው። ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ሮጦ የመጣ ሰው «ትንሽ አሟታል» ካለ ነገሩ ያለቀ መሆኑን አዋቂ ሁሉ ያውቃል። እኔም አወቅኩ። ዛሬ ላይ አልገባኝም ነበር ብዬ አልዋሽም። የሙስሊም ቀብር አያድርም፤ ከሰዓት በኋላ በአስር ሰላት ይቀብሯቸዋል። እናቱ ቤት ድረስ በእግር ሦስት ሰዓት ነው፤ በመኪና ቢበዛ ግማሽ ሰዓት።

ከድር ፊቱ አመድ መሰለ። «ዘርጋ፣ መኪናውን» አለኝ። 

«አንተ ቀድመህ ውጣ» አልኩት። «ባትሪውን ነቅለን ገጥመን እንደርስብሃለን። መንገድ ላይ ትሳፈራለህ።»

አመነኝ። ለምን አያምነኝም? ከአጎቱ ልጅ ጋር ሱክ ሱክ እያሉ ወጡ። በበሩ በኩል ያቺን ቢጫ ሸሚዝ እስከ ኩርባው ድረስ አየኋት። ደሳለኝ ባትሪውን ሊነቅል ጎንበስ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ደሴ፣ አንድ ዘፈን ብቻ። አራት ደቂቃ።»

«አንተ ሰውዬ፣ የሰው እናት...»

«አሟታል ነው የተባለው!» አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ተካ «ማን ሊዘፍነው ነው?» አለ። «እኔ» አልኩ። ቃሉንም ዜማውንም አውቀዋለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን እንኳ ራሴ ልዘፍነው እፈልግ ነበር። ይሄንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በመጀመሪያው ሙከራ ሽኩር አስነጠሰ፤ በሁለተኛው የሽፈራው ክር ተበጠሰ፤ ክሩ እስኪቀየር ቴፑም ማጉያውም አልጠፉም። በሦስተኛው ጨረስነው። አራት ደቂቃ ያልኩት ከግማሽ ሰዓት በላይ ሄደ። ወደ መጨረሻው ላይ ሪሉ እንደ ደከመ ሰው ቀስ እያለ ሲዞር አይቻለሁ፤ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ዘፈንኩ።

ዳገቱን ስወጣ ከደጅሽ ጠብቂኝ፣
መሸ ብለሽ በሩን እንዳትዘጊብኝ።

ከዚያ ባትሪውን ሮጠን ገጠምነው። ደሳለኝ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አቃሰተና ዝም አለ። የሠፈሩን ሰው ጠርተን ገፋነው፤ አጠና የጫነ መኪና በዚያ አቀበት ወዴት ንቅንቅ ይላል? ደሳለኝ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ «ዘርጋ፣ ምን አደረግከኝ?» አለ። በአፋፉ ላይ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ቆሜ አየሁ።

ከድር ሲደርስ ቀብሩ አልቋል። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ሄድኩ፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «መንገዱን ሙሉ ዞር እያልኩ ነው የሄድኩት» አለኝ በቀስታ። «አቧራ ባየሁ ቁጥር እናንተ ትመስሉኛላችሁ። እንዳታጡኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ቆሜ ጠበቅኳችሁ። ባልቆም ኖሮ እደርስ ነበር። ምን ነካችሁ?»

«ሞተሩ እምቢ አለ» አልኩት። ዘፈኑንስ ቢለኝ፣ እኔ በማግስቱ ዘፈንኩት፣ ባለቴፑ ጉዞውን በአንድ ቀን ገፋልን አልኩት። አንዱ ውሸት ሌላውን እየወለደ ሄደ።

ሪሉን አዲስ አበባ አንድ ሙዚቃ ቤት ወስደን ሲከፍቱት ክው አልን። ስድስተኛው ላይ የእኔ ድምፅ የለም፤ ቀጥኖ፣ ከፍ ብሎ ቁርጥ ከድርን ሆኗል። ባለሙዚቃ ቤቱ «ይኼ ነው ዘፈን!» ብሎ ጮኸ። ሽፋኑ ላይ «ድምፅ፦ ከድር» ተብሎ ታተመ፤ እኔም ዝም አልኩ፤ ሽፈራውና ተካም ነገሩን ለእኔ ተዉት። ለመስቀል ደረሰ። ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ የማይከፈትበት ሻይ ቤት አልነበረም፤ ሚኒባስ ሾፌሮቹ ሁሉ ስድስተኛውን ነበር የሚደጋግሙት። ከዚያ ሽኩር፣ የዋህ ሰው፣ ቤቱ የተቀዳ ካሴት በመሆኑ ኮርቶ ለመጣው ሁሉ ማውራት ጀመረ። «ስድስቱንም በአንድ ቀን እዚህ ነው የቀዱት፤ የከድር እናት ያረፉ ዕለት።» ማን ዘፈነው ብሎ የጠየቀው ግን የለም፤ ሽፋኑ ላይ ተጽፏል፤ ሰው ወሬውን አቀጣጠለው። ለካ ከድር ቀብር ያልደረሰው ዘፈኑን ሊጨርስ ብሎ ነው! ለካ እናቱን አፈር ሲያለብሷት «ከደጅሽ ጠብቂኝ» እያለ ነበር! ከድር «እኔ አይደለሁም» አለ። «ድምፅህን እኮ እናውቀዋለን» አሉት። ወልቂጤ ድረስ መጣ፤ በዚያ ሻይ ቤት ማዕዘን ላይ ክንዴን ይዞ «ዘርጋ፣ ንገርላቸው» አለኝ። «መስቀል ይለፍና» አልኩት። መስቀል አለፈ። አረፋም አለፈ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ዘፈን ተወ፤ የብረታ ብረት ሱቅ ከፈተ፣ አገባ፣ ልጆች ወለደ። በበዓል እንጠያየቃለን፣ ቡታጅራ ስሄድ ምሳ ያበላኛል፣ ሁልጊዜም መናኸሪያ ድረስ ይሸኘኛል። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

ሰሚራ ከሳምንት በኋላ እንደገና ደወለች።

«እንግዲህ አኮርዲዮኑ ከሌለ እንዳለ አወጣዋለሁ፣ ጋሼ። ግን ለምን እንደፈለግኩት ልንገርዎት። ልጅ ሆኜ ሰፈር ውስጥ «እናቱ ስትቀበር የዘፈነው ሰው ልጅ» ሲሉኝ አባቴን ጠየቅኩት። «እኔ አይደለሁም» አለኝ። እኔ ካሴቱን አምጥቼ ፊቱ ከፈትኩበት። «ይሄ ያንተ ድምፅ አይደለም? ለምን ትዋሸኛለህ?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ አንስቼበት አላውቅም፤ ይቅር ብዬዋለሁ። አሁን ድምፁ ከሄደ በኋላ ግን፣ ሌላው ቢቀር ያንን ዘፈን በእውነተኛ ድምፁ ልስማው ብዬ ነው።»

ይቅር ብዬዋለሁ አለች! ስልኩን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ያላጠፋውን ሰው ይቅር ብላዋለች፤ እሱም ተቀብሎ ኖሯል፤ አሁን ደግሞ አልናገርም ብሎ ሳይሆን መናገር ሳይችል ተቀምጧል።

«ሰሚራ፣ አኮርዲዮኑ አለ» አልኳት። «ዋሽቼሽ ነው። እሁድ ቡታጅራ፣ አባትሽ ቤት ነይ። ማሽንሽንም ይዘሽ ነይ።»

እሁድ ጠዋት አኮርዲዮኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ «ፋዘር፣ ለመስቀል ሊያጨፍሩን ነው?» አለኝ፤ አኮርዲዮኑን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። አታትን አልፈን፣ አገናን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ የደመራ እንጨት የተሸከሙ ሰዎች በመንገዱ ዳር ይሄዳሉ።  ሁለት ጊዜ «ወራጅ አለ» ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ጡረተኛ መምህር፣ የእድር ዳኛ፣ ሰው «ጋሼ ዘርጋ ያለው ነው» የሚልልኝ ሰው፣ ያን ሁሉ ይዤ ነበር ወደ ከድር ቤት የምሄደው።

ከድር በረንዳው ላይ ደብተሩን ይዞ ይጠብቀኛል። ተቃቀፍን። ሳሎን ገባን፤ ሰሚራ ላፕቶፕና ሁለት ድምፅ ማጉያ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች። ሻዩን አልነካሁትም። አኮርዲዮኑን ከብርድ ልብሱ አውጥቼ ያቺን የምትነዝር ቁልፍ ተጫንኳት። ነዘረች፤ ምንም አልተለወጠችም። ከድር ዓይኑን ጨፈነ።

ሰሚራ ዘፈኑን ከፈተችና በማሽኗ ማውረድ ጀመረች። መጀመሪያ የምናውቀው ቀጭን ድምፅ ነበር። ትንሽ አወረደችው፤ አኮርዲዮኑ ከበድ አለ። ደግሞ አወረደችው፤ ድምፁ ወፈረ። «ትንሽ ይቀራል» አለች፤ ቁልፏን እንድደግማት በዓይኗ ጠየቀችኝ፤ ደገምኳት። ከማጉያው የወጣው ነዘራና ከእጄ የወጣው ነዘራ አንድ ላይ ገጠሙ። ያን ጊዜ ሳሎኑ ውስጥ አንድ ወፍራም፣ የወጣት ጉረኛ ድምፅ «ከደጅሽ ጠብቂኝ» አለ። በደንብ ይሰማል፤ ስተነፍስ እንኳ ይሰማል።

ሰሚራ እጇን ከማሽኑ ላይ አነሳች። «ይሄ ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «አባትሽ አልዋሸሽም። ይሄ ሲቀዳ እሱ መንገድ ላይ ነበር።»

ወደ አባቷ ዞረች። ከድር እሷን አላየም። ደብተሩን ከፍቶ አንድ ነገር ጻፈና ወደ እኔ አዞረው። አንዲት ቃል ናት። «መኪናውስ?»

ይሄንን ነው ለካ ዕድሜውን ሙሉ ሊጠይቀኝ የፈለገው። ዘፈኑን አይደለም።

«ባትሪውን ወዲያው አልነቀልነውም» አልኩት። «ደሳለኝ ሊነቅል ሲል እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሞተሩ ደህና ነበር፣ ከድር። የዘፈንኩት አንተን ሊያደርስ በሚችለው ባትሪ ነው።»

ትክ ብሎ አየኝ። እኔም ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳሁም፤ ቢያንስ ይሄን ችያለሁ። ሰሚራ ከወንበሯ ወርዳ የአባቷን ጉልበት ያዘች። «አባ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አለች፤ «አባ፣ አላመንኩህም፣ አውፍ በለኝ» እያለች ታለቅሳለች። ከድር እጁን ራሷ ላይ አደረገ፤ እንባው ጢሙን አራሰው። ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እኔ አኮርዲዮኔን እንዳቀፍኩ የምገባበት ጠፋኝ።

በኋላ፣ ሲረጋጉ፣ «ሽፋኑ ላይ ምን ልጻፍ?» ብላ ጠየቀች። እኔን ነው የጠየቀችው።

«አምስቱ ላይ የአባትሽን ስም፣ ስድስተኛው ላይ ድምፅ ዘርጋ በይ» አልኳት።

ከድር ደብተሩን ሳብ አድርጎ ጻፈና ለእሷ ሰጣት። ጮክ ብላ አነበበችው። «ከስሙ ሥር፣ እናቴ በተቀበረችበት ዕለት የተቀዳ ብለሽ ጨምሪ።»

«ይጻፍ» አልኩ።

ተነሳሁ። ከድር ጨበጠኝ፤ እጁ ሞቃት ነበር፤ ግን ከወንበሩ አልተነሳም። ባወቅኩት ዘመን ሁሉ መናኸሪያ ድረስ ሳይሸኘኝ የቀረበት ቀን የለም። ሰሚራ እስከ በሩ መጥታ ተመለሰች። አኮርዲዮኑን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ መንገዱን ያዝኩ። ባጃጅ ከኋላዬ ባለፈ ቁጥር፣ የሰው ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ዞር እል ነበር። መናኸሪያ እስክደርስ ሁለት ጊዜ ቆሜ ጠበቅኩት።